በማቅለሚያ ቤቱ ውስጥ ለእማዬ የነገርኳት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ነገሩ የተበላሸው እጅህን በሐኪሙ ክንድ ላይ ያሳረፍክ ጊዜ ነው። እኔ አልነበርኩም፤ አክስታችን ናት የነገረችኝ። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እማዬ አስጠግቶ «እናቴ፣ ሆድዎ ውስጥ ያየነውን ልንገርዎት» ብሎ ሲጀምር፣ ቀስ ብለህ ክንዱን ያዝከውና «ዶክተር፣ አንዴ ውጭ እናውራ» አልከው። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። የተዘጋውን በር አይታ «ምነው፣ ሊድሩኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች አሉ። ስትመለሱ የበሽታዋ ስም ተቀይሮ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ነበር።

ስልክ አታነሳልኝም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤዬን ቀድደህ እንደማትጥለው አውቃለሁ። ጣት የማታህል የሽቦ ቁራጭ እንኳ «አንድ ቀን ትፈለጋለች» ብለህ መሳቢያ ውስጥ የምታኖር ሰው ነህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልህ። ክፉ ሆነህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ። አባባ ሲታመም እኔ ገና ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ፤ አንተ ግን አጠገቡ ነበርክ። ያኔ የነበረው ሐኪም ቁጭ እንኳ ሳይል፣ የነገን ዝናብ እንደሚናገር ሰው፣ ቆሞ ነገረው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ማንኪያ አልተቀበለም። «አባባ፣ በእኔ ሞት፣ አንዴ ብቻ» እያልክ ስትለምነው ከበሩ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ሰውን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን የበሽታው ወሬ ነው ብለህ ያመንከው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን እንደ ሥራህ አደረግከው። ኤሌክትሪሺያን ነህና ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ካልተቀበረ አይዋጥልህም፤ ክፉ ክፉው ነገር ሁሉ እንዲሁ ተቀብሮ በላዩ ላይ ቀለም ተቀባ።

እማዬ ግን አባባ አልነበረችም።

እማዬ የክር ማቅለሚያ ቤቷ ሠራተኞች ከኋላዋ «ኮሎኔሏ» የሚሏት፣ እሷም እያወቀች እንዳላወቀች የምትሆን ሴት ነበረች። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ወደ ቤት ትገባለች። አንዱ ነጋዴ ክሩን ተሸክሞ መጥቶ «ቀለሙ ለቀቀ» ሲላት፣ «የእኔ ቀለም አይለቅም፤ ሚስትህን በረኪና ቀንሺ በላት» ብላ እንደመለሰችው ታስታውሳለህ። ረጅሙ ሠራተኛ አንድ በርሜል ሙሉ ክር አቃጥሎ ሌላውን ሊያሳብብ ሲሞክር ምን እንዳለችውም ታስታውሳለህ፤ «ያቃጠልከውን እተውልሃለሁ፣ የዋሸኸኝን ግን ከደሞዝህ አልቆርጠውም፤ ከዓይኔ ነው የምትቆረጠው።» እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንደ ሕፃን ያደረጋችኋት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደወለችልኝ። «ጠበቃዬ» አለችኝ፤ ክርክር ስለምወድ ያወጣህልኝ ስም እስከ መጨረሻው ከአፏ አልጠፋም። «የሐሞት ጠጠር ናት አሉኝ። ጥርስ እንደ ማስነቀል ነው። እንዳትመጪ፤ ተማሪዎችሽን ፈትኚ።» ለሠራተኞቿም «አረንጓዴውን እንዳታበላሹብኝ፣ ሳትናፍቁኝ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

ለጥርስ እንደሚሄድ ሰው ሄደች። ጠዋት የገባች ሴት ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣች።

ስደርስ ከደረቷ ሥር እስከ እምብርቷ በታች ተሰፍታለች። በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በጎኗ ቱቦ። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐሞት የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ደረጃው ላይ አቁሜ ስጠይቅህ ዓይኔን ሳታይ ነገርከኝ። ቀጥለህ ያልከው ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው፤ «ከነገርሻት ገደልሻት ማለት ነው።»

እኔ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ደክሞት ነበር፤ ጫማውን በግማሽ አውልቆ ተቀምጧል። ካንሰሩ ከትልቁ አንጀት ተነስቶ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ እንደ ተበተነ ዘር ሆኖ እንዳገኙት ነገረኝ። በዓይን የሚታየውን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡ። በዓይን ለማይታየው ደግሞ የካንሰር መድኃኒቱን አሙቀው፣ እዚያው ቀዶ ሕክምናው ላይ እንዳለች፣ ሆዷ ውስጥ አዘዋወሩት። በደም ሥር ቢሰጥ እዚያ ሽፋን ላይ እምብዛም አይደርስም፤ ሆዷ ውስጥ ከሆነ ግን የቀረውን ያገኘዋል፣ ሙቀቱም ይረዳዋል። ከዚያ ቀድተው አወጡት፣ አጠቡት፣ ሰፏት። «ከባድ ሕክምና ነው» አለኝ። «ጠንካራ ሴት ናት። ለእሷ መንገር ነበረብኝ። ወንድምሽ እያለቀሰ ለመነኝ።» እያለቀሰ ማለቱን ልብ ብዬዋለሁ። እኔ ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተረኛ ጠባቂ አቆማችሁብኝ። በዚህ ነገር አንዳንዴ እስቃለሁ፤ ሳቅ ከሆነ። ከእማዬ ጋር ለብቻዬ እንዳልቀመጥ ጠዋት አክስታችን፣ ከሰዓት ሚስትህ፣ ማታ አንተ። ውሃ ላምጣ ብዬ ስነሳ አንድ ሰው አብሮኝ ይነሳል። ፀጉሯን ላበጥራት ስል ማበጠሪያውን የሚይዝ ረዳት ይመደብልኛል። እማዬ ራሷ ታዝባ «ይቺ ልጅ ምን ሰርቃ ነው እንዲህ የምትጠበቀው?» ብላለች። አክስታችን ደንግጣ «ናፍቃን ነው እቴ» አለች። እማዬም «እናንተ? እሷን?» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። ውሸትህ በሽታዋን አልነበረም የወሰደባት፤ ኩራቷን ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የሐሞት ጠጠር አስወጥታ ወዲያው የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ያለች ሴት ናት። ልትጠይቃት መጥታ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ «አንቺ፣ ያን ሁሉ ሰው እንዳላስጨነቅሽ ለአንዲት ጠጠር እንዲህ ትሆኚ?» አለቻት። እማዬ ሳቀችላት። ሴትየዋ ስትወጣ ግን አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ሾርባ ያመጣላትን ይቅርታ፣ ያነሳትን ይቅርታ። «ለካ እኔ ሰነፍ ነኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሚስትህ ባለችበት። «ዕድሜዬን ሁሉ ሰነፍ ስቆጣ ኖሬ፣ ለጥርስ ለማትሞላ ጠጠር ተሸነፍኩ።» ያን ቀን ሚስትህን አየኋት፤ እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች።

እንዲህ እያለች ቆይታ ትንሽ ቀና ማለት ስትጀምር በሽታው ተመለሰ። ሐኪሙ እንደገና መክፈት እንደሚቻል፣ የሞቀውን መድኃኒትም እንደገና መሞከር እንደሚቻል፣ ተስፋው ግን ቀጭን እንደሆነ ነገረን። «እሷ ከፈለገች» አለ። ከእነዚህ ሁለት ቃላት በቀር ሁሉንም ሰምተህ ወደ ክፍሏ ገባህ፤ «እማዬ፣ ትንሽ ጠጠር ቀርታለች አሉ» አልካት። እሷም «አውጡልኝና ልገላገል» አለች። በሰው ሁሉ ፊት ተስማማች። ለሌለ ጠጠር።

«በርሜሎቼን ሳላይ ሁለተኛ ቢላ አይነካኝም» ብላ ወደ ማቅለሚያ ቤቱ እንድወስዳት የለመነችህ ከዚያ በኋላ ነው። አክስታችንን አብረህ ላክብኝ። አክስታችን ግን እንፋሎቱ ሳል ያስነሳባታል፤ በር ላይ ወንበር ተሰጣት። ከዚህ በኋላ ያለውን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ሠራተኞቹ ሰላም ብለዋት ወደ ማድረቂያው ወጡ። እማዬ ከበርሜሉ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ክር ነበር። ማማሰያውን ረጅሙ ከተወበት አንስታ፣ በሁለት እጇ፣ ቀስ እያለች ታዞረው ጀመር።

«እማዬ፣ የሐሞት ጠጠር አልነበረም» አልኳት።

ማማሰያውን አላቆመችም። «እሺ፤ ምን ነበር?»

«ካንሰር። ከአንጀትሽ ተነስቶ ሆድሽ ውስጥ የተበተነ።»

አንድ ዙር አዞረች። «ቀጥይ» አለችኝ፤ ሠራተኛ ያበላሸውን ሲናገር እንደምትለው።

ቀጠልኩ። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ስለ ሞቀው መድኃኒት ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ዲግሪ?»

«አርባ ሁለት ገደማ።»

«እሱማ ለብ ያለ ነው» አለች። «በእሱ ሱፍ እንኳ ቀለም አይዝም።»

«ከዚያ በላይ ቢያሞቁት እኮ አንቺን ይቀቅልሻል።»

«አማሰሉት?»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን ነዋ። ክር ነክረሽ ዝም ካልሽው እጥፋቱ ነጭ ይቀራል። ሆድ ደግሞ እጥፋት ብቻ ነው።»

«ቆመው በእጃቸው ሆድሽን ይወዘውዙት ነበር። በሁሉም ቦታ እንዲደርስ።»

«ጎበዞች» አለች። ምን ያህል ከልቧ እንዳለችው ብታይ። እነዚያን የማታውቃቸውን ሰዎች እዚያው ማቅለሚያ ቤቷ ውስጥ የቀጠረቻቸው ያህል ነበር። «ቀለሙስ?»

ይህንንም ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። የእሷ ልጅ ሆኜ እንዴት አልጠይቅም? «ወይን ጠጅ» አልኳት።

ያኔ ማማሰያው ቆመ።

«ሰው ምን ቀለም እንደሚፈልግ ሳልጠይቅ አንዲት ክር ነክሬ አላውቅም» አለች። «የእኔን ሆድ ወይን ጠጅ ሲነክሩት የጠየቀኝ የለም።»

አለቀሰች። ብዙ አላለቀሰችም፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ትከሻዋ ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁ፤ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ እንደዚያ ቀና ብላ አይቻት አላውቅም። «ሰነፍ አልነበርኩማ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ቀጥሎ የጠየቀችው ስለ አንተ ነው። «ያ ልጅ ይህን ሁሉ ብቻውን ይዞ ነው ፊቴ ላይ ሲስቅ የከረመው? አባቱን አስታሞ፣ እኔን ደግሞ በውሸት አስታሞ። እሱን ማን አስተኛው?» ተቆጥታብህ ነበር፤ አልዋሽህም፤ «ክር እንዳቃጠለ ሠራተኛ ነው የማየው» ብላለች። ግን መጀመሪያ ያሳሰባት እንቅልፍህ ነው።

«እንደገና ልግባ ወይስ ይቅር?» አለችኝ በመጨረሻ። «ሐኪሙ ምን ይላል?»

«ተስፋው ቀጭን ነው ይላል። ግን አለ። ‹እሷ ከፈለገች› ነው ያለው።»

«እሷ እኮ እኔ ነኝ» አለች፤ ገና አሁን እንደሰማች።

ያን ዕለት ሁላችንንም ሰብስባ «ሁለተኛ አልነከርም» ስትልህ እኔን ብቻ ነው ያየኸው። እሷን ብታያት ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ዓይንህን ጨፍነህ አሳለፍከው፤ ስለዚህ ልንገርህ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ማቅለሚያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቆጣ ነበር። የቀይ ቀለም ምጣኔዋን፣ ለእኔ እንኳ ነፍጋኝ የኖረችውን፣ ለረጅሙ አስተማረችው። ልብስ ሰፊዋን አስጠርታ «የእኔ ጠጠር አልነበረም፣ ካንሰር ነው፤ በይ አሁን ተወዳደሪኝ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ አልቅሳ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል «ተነሺ፣ ቀለም ይነካሻል» ብላ አሳቀቻት። ይቅርታ መጠየቋንም ተወች። ሾርባው ጨው ሲያንሰው እንደ ድሮዋ «ማን ነው ይህን የሠራው?» ማለት ጀመረች፤ ሚስትህ በደስታ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ።

ከዚያ አንጀቷ ተዘጋ፤ ሕመሙ መጣ፤ ያንን ሁለታችንም አይተነዋል፣ አልደግመውም። አንድ እጇን አንተ፣ አንድ እጇን እኔ ይዘን ነው የሄደችው። ፊቷ ወደ እኛ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ በሩ ላይ ቆመህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴን በምላሷ የገደለቻት ይቺ ናት» አልክ። እናቴን አልክ፤ እናታችንን እንኳ አላልክም። ሻንጣዬን ረጅሙ አወጣልኝ፤ እየወጣሁ ወደ ኋላ ስዞር አንድም ዘመድ ቀና አላለም።

የእውነቱን ልንገርህ፤ ሁለተኛ ገብታ ቢሆን ምን ይሆን ነበር የሚለው እኔንም አይለቀኝም። ምናልባት ተጨማሪ ዕድሜ ታገኝ ነበር። ምናልባትም ከዚያ አልጋ ሳትነሳ፣ ለጠጠር ተሸነፍኩ እያለች ትሄድ ነበር። አላውቅም። አንተም አታውቅም። የማውቀው፣ ዕጣውን የምትጥለው እሷ እንጂ አንተም እኔም እንዳልነበርን ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን ከባለቤቱ ስለሸሸገ ሰው ምን እንደሚባል ግን የነገረን የለም።

ባለፈው ሳምንት አክስታችን እኔ ያለሁበት ከተማ ድረስ መጣች። መልእክትህን ይዛ ነው፤ በዘመድ ፊት ቀርቤ ይቅርታ ብጠይቅህ ቤቱ ይከፈትልኛል። ሰማኋት። ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ጋደም ካለች በኋላ፣ መልእክቱ አልቆ ወሬ ሲሆን፣ «እሱም እኮ አላማረበትም» አለችኝ። «ሱሪውን ሁለቴ አስጠበበ። ምግብ ሲቀርብለት ሆዱን ይዞ ይነሳል። ጨጓራ ነው ይላል።»

«ሐኪም ቤት ሄዷል?»

«ሄዷል መሰለኝ። ጨጓራ ነው አሉኝ ነው የሚለው።»

«ማን አብሮት ገባ?»

«ማንም። ብቻውን ነው የሄደው። ለሚስቱም አልነገራትም።» ያወራችው ምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ተነስታ ቁጭ አለች።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልንገርህ። ገዳይ መባልን አልቀበልም። የገዛ እናቴን ሕመም ለገዛ እናቴ ስለ ነገርኩ በዘመድ ፊትም ሆነ ለብቻችን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታ ጠይቂ የሚል መልእክተኛም፣ አክስቴ ብትሆን እንኳ፣ ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች እንጂ መልስ አታገኝም። እዚያ ቤት ውስጥ ጠባቂ እየተመደበብኝ መቀመጥን አልቀበልም። ጨጓራ ነው የሚለውንም ቃል ከአንተ አፍ አልቀበልም። ቅዳሜ እመጣለሁ። በሩን ብትዘጋውም አልሄድም። ሐኪሙ ዘንድ አብሬህ እገባለሁ፤ የሚለውን አንተው በጆሮህ ትሰማለህ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ እሰማለሁ፤ ጨጓራ ከሆነም ሁለታችንም ጨጓራ መሆኑን ሰምተን እንወጣለን። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ያህል ጥላኝ። ጠልተኸኝ መኖርህን እቀበላለሁ። ደብቀኸኝ መሞትህን አልቀበልም።

እህትህ